አብደታ ኅብር ያስተማረ ጊዜ

አብደታን «ምስኪን፣ በግ የመሰለ ሰው ነበር እኮ!» የሚለኝ ሰው ሲያጋጥመኝ ደሜ ይፈላል። በግ! አብደታንና በግን ምን አገናኛቸው? ደግሞ «ነበር» ብሎ ነገር ምንድን ነው? ሰውዬው ሞቷል እንዴ? ከኖፓ ወዲያ፣ ጭቃው ጉልበት በሚውጥበት አገር፣ አንድ ጎጆ ሙሉ ሕፃን ሰብስቦ ሀሁ ያስቆጥራል። «ነበር» የሚሉት እዚያ የወረወሩት ሰዎች ናቸው። ወርውረውት ሲያበቁ አሁን ደግሞ ያዝኑለታል። አቤት ማዘን!

እኔ ዘውደነሽ እባላለሁ። መቱ ተወልጄ መቱ ያደግሁ፣ በዚያው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባልትና የማስተምር ሴት ነኝ። ተማሪዎቹ ከኋላዬ «እትዬ ሚጥሚጣ» ይሉኛል። አውቃለሁ፤ ይበሉ። ስቆጣ እቆጣለሁ፣ ሲበርድልኝ ደግሞ ያው ሰው ነኝ። የዚህ ነገር ቁጣ ግን አልበረደልኝም፤ እንዲበርድልኝም አልፈልግም።

የእኔን ክፍልና የአብደታን ክፍል የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። ግድግዳው ደግሞ ቆርቆሮው ድረስ አልደረሰም፤ ከላይ ክፍት ነው። እኔ ስለ ድርቆሽ አደራረቅ ሳስረዳ የሱ ድምፅ ከላይ ይወርድብኛል። ሴቶቹ ልጆች ድርቆሹን ትተው ዘይቤ ይሰማሉ። እኔም እሰማለሁ፣ ምን ልዋሽ። ስለ ዘይቤ የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት በግድግዳ ላይ ነው።

አብደታ የሶር ልጅ ነው፤ ፏፏቴው አጠገብ ካሉት መንደሮች። አባቱ ቀፎ ሰቅለው፣ ማር ሸጠው ነው ያስተማሩት። አዲስ አበባ ተምሮ ዲፕሎማውን ይዞ ሲመጣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል አማርኛ ተሰጠው። ከሱ በፊት የነበረው አስተማሪ ትርጉም ሰሌዳ ላይ ጽፎ ያስገለብጥ ነበር። «አነጻጻሪ ማለት…፣ ተለዋጭ ማለት…፣ ሰውኛ ማለት…» እያለ። ልጆቹም ልክ እንደ ዳዊት ይሸመድዱታል። ከዚያ ፈተና ላይ አንድ ግጥም ተሰጥቷቸው «ዘይቤውን ለዩ» ሲባሉ ዓይናቸው ይፈጣል። ማትሪክ ላይ አማርኛ የወደቀ ደግሞ የትም አይደርስም። በየዓመቱ የሚወድቁት እነማን ነበሩ? ከዳሪሙ፣ ከኖፓ የሚመጡት። ቤታቸው ኦሮምኛ ሲናገሩ አድገው፣ አማርኛን ከትምህርት ቤት ደጃፍ የለቀሙ ልጆች። ሰው ሁሉ «እነዚህ አይገባቸውም» ይል ነበር። የማይገባውስ ሌላ ነበር!

አብደታ የመጀመሪያ ቀን አንዷን አስነሥቶ «ምጸት ምንድን ነው?» አላት። እሷም ቀጥ ብላ «ምጸት ማለት…» ብላ ጀመረች። ጠመኔው ግድግዳው ላይ ሲነጥር ሰማሁ።

«ማለት! ማለት! ይሄ ማለት ይጨርሳችሁ!» ብሎ ጮኸ። «እስቲ ንገሪኝ፤ ቅል ስትሰብሪ እናትሽ ምን ትላለች?»

መልስ ሳይጠብቅ ቀጠለ።

«‹ጎሽ! የኔ ባለሙያ! እሰይ!› አትልሽም?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የኔም ክፍል ፈረሰ።

«ጎሽ ስትልሽ ጎሽ ማለቷ ነው?»

«ኧረ አይደለም፣ ጋሼ!»

«ምጸት እሱ ነው። ተቀመጪ።»

እንዲህ ነው ያስተማራቸው። ወንዝ ሲሞላ አባቶቻቸው «ሶር ዛሬ ተቆጥቷል፣ አትሻገሩ» ይሏቸዋል፤ ሰውኛ። ሙሐዲን የሚባለውን የነጋዴውን የታጁዲንን ልጅ አስነሥቶ «አባትህ አቡጀዲ ሲሸጥ ምን ይላል?» ይለዋል። ልጁም እየተሽኮረመመ «‹የልጅ ልጅሽ ለብሳው ታገባለች› ይላል» ይላል። «ግነት! ለአባትህ ሰላም በልልኝ» ይለዋል። የሚያውቁትን ነገር ስሙን ብቻ ነገራቸው። ሲሳሳቱ ይጮህባቸዋል፣ ሲያገኙት ደግሞ ባሰበት ይጮሃል፤ የደስታው ጩኸትና የንዴቱ ጩኸት አይለይም ነበር። በግ ነበር ይሉኛል!

ከዚያ ኅብር መጣ። ኅብር የሚሉት አንድ ቃል ሆኖ ሁለት ነገር የሚናገረውን ነው። አብደታ ቃሉን ሰሌዳ ላይ ጽፎ ዘወር ሳይል፣ ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ «እኔ አውቀዋለሁ ጋሼ፣ ሂቦ ነው!» አለች።

ሂቦ በኦሮምኛ እንቆቅልሽ ነው። ልጅቷ ኅብርን ሂቦ ብላ ወሰደችው። የከተማ ልጆቹ ሳቁ። ሌላ አስተማሪ ቢሆን ጆሮዋን ጎትቶ ያስቀምጣታል፤ አማርኛ ክፍል ውስጥ ኦሮምኛ መናገርም ያስቀጣ ነበር። አብደታ ግን ዘወር ብሎ «ምን ያስቃችኋል? ልክ ናት» አለ። «ሂቦ ላይ አንድ ነገር ይባላል፣ ሌላ ነገር ይፈለጋል። ኅብርም እንደዚያው ነው። ቶሎ ጆሮ ውስጥ የሚገባው ሰሙ ነው፤ ከሥር ተደብቆ የሚቀረው ወርቁ ነው። በሉ ከዛሬ ጀምሮ እንደ ሂቦ እንጫወተዋለን።»

ያቺ ልጅ ዱሬቲ ናት። የዳሪሙ ገበሬ የነገራ ልጅ። እሑድ እሑድ የሳምንት ቀለቧን አዝላ በእግሯ ትመጣለች፤ በየነች የምትባል ጎረቤቴ ጓዳ ተከራይታ ትኖር ነበር። ከመንደሯ አሥራ ሁለተኛ የደረሰች ሴት እሷ ብቻ ናት። አንድ ባለ ቡና ሰውዬ ሽማግሌ ልኮባታል። አባቷ ሽማግሌዎቹን «ማትሪክ እስክትፈተን ታገሡኝ። ካለፈች ራሷ ታውቃለች፣ ከወደቀች የናንተ ናት» ብለው መልሰዋቸዋል። ይህን የማያውቅ ሰው በትምህርት ቤቱ አልነበረም። ለዱሬቲ ያ ፈተና ማለት ሕይወቷ ነበር።

እና ጨዋታው ተጀመረ። እንቆቅልሽ እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ጠያቂው ይጠይቃል፤ ተጠያቂው መልሱን ካጣ «አገር ስጠኝ» ይባላል። ተጠያቂው አንድ አገር ይሰጣል። ጠያቂውም «ጎሬ ገብቼ ምን አጥቼ!» ብሎ እየፎከረ የተሸነፈውን በስድብ ያጥበዋል፤ ከዚያ መልሱን ይነግረዋል። በኦሮምኛም ያው ነው፤ «ቢያ ናፍ ኬኒ» ይላሉ፣ አገር ስጠኝ ማለት ነው። አብደታ ይህን ወደ ክፍል አስገባው። አንዱ ስንኝ ገጥሞ ይመጣል፤ ሌላው ኅብሩን ፈልጎ ሰሙንና ወርቁን ይለያል። ካቃተው አገር ይሰጣል። በሁለት ወር ውስጥ ከጅማ እስከ ጋምቤላ ያልተሰጠ አገር አልቀረም። ልጆቹ እረፍት ላይ፣ ውሃ ሲቀዱ፣ መንገድ ላይ ስንኝ ይገጥሙ ጀመር። እነዚያ «አይገባቸውም» የተባሉት!

ያ ዓመት ደግሞ ክፉ ዓመት ነበር። አዲስ አበባ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው ሰልፍ ወጥተዋል ተብሎ ወሬው እዚህ ደርሷል። ባለሥልጣን ሁሉ «መሬት»፣ «አገር» የሚል ቃል ሲሰማ ግራ ቀኝ ይገላመጣል። በዚህ መሀል አቶ አምባዬ የሚባል ኢንስፔክተር ከበላይ ተላከብን። ዳይሬክተራችን አቶ ፈንታሁን ግቢውን አስጠርጎ፣ ክራቫቱን አስሮ፣ እንግዳውን በየክፍሉ ያዞረው ጀመር። እኔ ክፍል ገብተው ድርቆሽ አይተው ወጡ። ከዚያ አብደታ ክፍል ገቡ።

አቶ አምባዬ ያልተማረ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አልናደድም ነበር። የተማረ ነው። ግጥም ይወዳል፣ ቅኔ ያውቃል። «ምን እየተማራችሁ ነው?» አላቸው። «ኅብር» አሉት። ደስ አለው፣ ከድምፁ ያስታውቃል። «እስቲ ከመካከላችሁ የገጠመ ካለ ያሰማኝ» አለ።

ዱሬቲ ተነሣች። ለካስ ሌሊቱን ስታሰላስለው አድራለች። እንዲህ አለች፦

ልጄንስ ስላቸው ከገበያ ሲወጡ፣
መቱ ብለው ሄዱ ሌላ ቃል ሳይሰጡ።

«ኅብሩ የቱ ነው?» አለች።

እኔ ግድግዳው ሥር ቆሜ ማማሰያዬን ይዤ ቀረሁ። መቱ! የኖርኩበት አገር ስም ነው፤ ዕድሜዬን ሁሉ ስጠራው ኖሬ «መቱ» ውስጥ ዱላ እንዳለ አንድ ቀን ሰምቼው አላውቅም። አንድ ገበሬ ከከተማ የሚመለሱ ገበያተኞችን ስለ ልጁ ቢጠይቃቸው «መቱ» ብለውት አለፉ። መቱ ናት ማለታቸው ነው ወይስ መቷት ማለታቸው? ያ አባት ያን ሌሊት እንዴት ያድራል? አንጀቴን በላችው።

አቶ አምባዬ ግን አልታየውም። የሩቅ አገር ሰው ነው፤ «መቱ» ለሱ የከተማ ስም ብቻ ነው። «ሌላ ቃል» የሚለው ይሆን አለ። ልጆቹ ተሳሳቁ። «ገበያ» አለ። ልጆቹ በደንብ ሳቁ። አንድ ሰው «አይደለም!» ብሎ ጮኸ። ዱሬቲ እንግዲህ የለመደችውን አለች፤ ደግሞም በአክብሮት ነው ያለችው፦

«እንግዲያው አገር ይስጡኝ።»

ሳቁ ወዲያው ቆመ። የአቶ ፈንታሁን ጫማ ሲንቀጫቀጭ ሰማሁ። ከዚያ አቶ አምባዬ ቀስ ብሎ «ምን አልሽ?» አላት። ልጅቷም ያልሰማት መስሏት፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ ደገመችው። «አገር ይስጡኝ፣ ጋሼ።»

እሱ ወጣ። ፈንታሁን ተከተለው። 

በማግስቱ አስተማሪዎች ሁሉ ዳይሬክተሩ ቢሮ ተጠራን። አቶ አምባዬ የፈንታሁን ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ፈንታሁን እንደ አሽከር አጠገቡ ቆሟል። ዱሬቲን ውጭ፣ በረንዳው ላይ አቁመዋታል። በመስኮቱ ጀርባዋ ይታየኝ ነበር።

«ይህች ተማሪ በክፍል ውስጥ ‹አገር ይስጡኝ› ብላለች» አለ አቶ አምባዬ፤ ለካስ ኅብሩን ሌሊት ደርሶበታል። «ይህ አንድ። ሁለተኛ፣ ‹መቱ› ብላ ገጥማለች። ማነው የመታው? ማንን ነው የመታው? ልጁን ለትምህርት የላከ ሰው ልጁን መቱበት ማለት ምን ማለት ነው? ትምህርት ቤቱ የማን ነው? የመንግሥት አይደለም? እንግዲህ መንግሥት መታ ማለት ነው!»

አላስቻለኝም።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎ ልጅ ሳሉ እንቆቅልሽ ተጫውተው አያውቁም?» አልኩት።

«ወይዘሮ፣ ስለ ጨዋታ አይደለም የምንነጋገረው።»

«ስለ ጨዋታማ ነው! አገር ስጡኝ ያላለ ልጅ በዚህ አገር ተወልዶ ያውቃል?» ብዬ ወደ ፈንታሁን ዞርኩ። «አቶ ፈንታሁን፣ እርስዎ ይመስክሩ እንጂ! ባለፈው እሑድ በረንዳዎ ላይ ትንሹ ልጅዎ ‹አባባ አገር ስጠኝ› ሲልዎ ጎንደርን ሰጥተውት የለም እንዴ? ሳልፍ በጆሮዬ ሰምቻለሁ! ‹ጎንደር ገብቼ› እያለ ሲሰድብዎ እርስዎም ሲስቁ ነበር!»

ፈንታሁን መሬት መሬቱን አየ። «አላስታውስም» አለ።

አላስታውስም! አፈር ብላ! የሒሳቡን አስተማሪ አየሁት፤ ጣሪያ ያያል። የታሪኩን አየሁት፤ ጥፍሩን ይጠርጋል። እዚያ ቤት የተቀመጠው ሰው ሁሉ እናቱ ጉያ ውስጥ ሆኖ አገር ሲሰጥና ሲቀበል ያደገ ነው። ያን ቀን አንዱም ልጅ ሆኖ አያውቅም ነበር። ሁሉም እንደዚያ ከነመነጽሩ የተወለደ መሰለ።

አቶ አምባዬ ወደ አብደታ ዞረ። «እርስዎ አስተማሪዋ ነዎት። የዚህ ግጥም ወርቁ ምንድን ነው? ይንገሩን።»

አብደታ ተነሣ። ይጮሃል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልጮኸም።

«ሰሙ ግልጽ ነው» አለ። «መቱ ይህ ያለንበት ከተማ ነው።»

«ወርቁን ነው የጠየቅሁዎት!»

«ቃሉ መምታትንም ይናገራል። ልጅቷ የጻፈችው የአባቷን ጭንቀት ነው። ልጁን ከቤት ያራቀ ሰው አጭር መልስ ሲሰማ ክፉ ክፉውን ያስባል፤ እሱ ነው ወርቁ። መንግሥት የሚለውን ግን ግጥሙ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት። ያንን ወርቅ ያገኙት እርስዎ ነዎት። ከየት እንዳመጡት እርስዎ ያውቃሉ።»

ልቤ ስንጥቅ አለ፤ ግማሹ በደስታ፣ ግማሹ በፍርሃት። አቶ አምባዬ ፊቱ ደም ለበሰ። ያ ሰው ነገሩ ገብቶታል፤ ከማንኛችንም ይልቅ ገብቶታል፤ ያስቆጣውም እሱ ነው። አንድ ጊዜ ልጆች ስቀውበታል፣ አሁን ደግሞ በአስተማሪዎች ፊት ኅብሩ ራሱ ላይ ዞረበት።

«እንግዲያው ነገሩ አጭር ነው» አለ። «ወይ ተማሪዋ ትባረራለች፣ ወይ ያስተማራት ይነሣል። ከሁለቱ አንዱ።»

«እኔ ልነሣ» አለ አብደታ፣ ሰውዬው ቃሉን ሳይጨርስ። «ግን ልጅቷ ማትሪክ ትፈተን። እዚህ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ቃል ይሰጠኝ።»

አቶ አምባዬ «የልጅቷ ነገር የዳይሬክተሩ ነው» ብሎ ብድግ አለ። ፈንታሁን ደረቱን መትቶ «ትፈተናለች! ቃሌ ነው! እኔ ፈንታሁን!» አለ። ሁላችንም ሰማን። በሳምንቱ አብደታን ከኖፓ ወዲያ ለአንደኛ ክፍል ሹመው ሰደዱት። መልሱን ያጣ ሰው አገር ይሰጣል፤ እነሱም ሰጡት።

ያን ቀን ሻንጣውን ተሸክሞ ሲወጣ አገኘሁትና «አንተ ሞኝ! እሷንም አንተንም በማያጠፋ መንገድ መናገር አትችልም ነበር?» ብዬ ጮኽኩበት። «እትዬ ዘውዴ፣ ኅብር አስተምሬያቸው ሲያበቃ ኅብር ሳይ አላውቅም ልበል?» አለኝ፤ እሱም ጮኸብኝ። እንዲህ እየተጯጯኽን ተለያየን። ስንብታችን ይኸው ነው።

ክፍሉ አስተማሪ አልተሰጠውም። ልጆቹ ራሳቸው ተሰብስበው ይጫወቱ ነበር፤ «አገር ስጠኝ» የሚለውን ብቻ ትተውታል። እኔም አልፎ አልፎ ገብቼ እቀመጣለሁ። ስንኝ የሚያመጡት ሌሎቹ ናቸው። ዱሬቲ ታዳምጣለች እንጂ አትናገርም። የፈተናው ድካም መስሎኝ ነበር።

የማትሪክ ለት ጠዋት ተማሪዎቹ አዳራሹ ደጃፍ ተሰለፉ። አቶ ፈንታሁን በሩ ላይ ቆሞ ስም ይጠራል። እየተጠሩ ይገባሉ። ሁሉም ተጠርተው አለቁ። ዱሬቲ ብቻዋን ውጭ ቀረች።

«ጋሼ፣ እኔስ?» አለች።

«አንቺ ትንሽ ቆይ» አላት። ቆየች። በሩን ሊዘጋው ሲል በደመ ነፍስ ደረስኩ፤ እግሬን በበሩ መሀል ከተትኩት።

«ምንድን ነው ነገሩ?»

«ወይዘሮ ዘውደነሽ፣ በዚህ አይግቡ። ነገሩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኋላ በበላይ ሰዎች ዘንድ…»

«ከበላይ ከልክሏት የተባለ ነገር አለ?»

በሩን ገፋ አደረገው።

«አለ ወይስ የለም?»

«የለም፣ ግን…»

የለም! ማንም አላዘዘውም! ሰውዬው ከራሱ ፍርሃት ፈልፍሎ፣ በራሱ ፍርሃት የልጅቷን ሕይወት ሊዘጋ ነው። ደረቱን የመታበት እጅ ያው በሩን ይዟል። ያኔ ምን እንዳልኩ ሁሉንም አልደግመውም፤ ገበያ ድረስ ተሰምቷል ይላሉ። «አብደታን ሸጠህ ዋጋውን ልትበላ ነው?» ያልኩትን ግን አስታውሳለሁ። አንቱታው ያኔ ነው የወደቀው፤ እስካሁንም አላነሣሁትም።

ውስጥ የተቀመጡት ሰሙ። መጀመሪያ የተነሣው ሙሐዲን ነው። እርሳሱን ይዞ ወጣና ዱሬቲ አጠገብ ቆመ። አንዲት ልጅ ተከተለችው። ከዚያ ሁሉም። የከተማ ልጆቹም፣ በኅብርና በሂቦ የሳቁባት እነዚያም ወጡ። ማንም ምንም አልተናገረም፤ ወጥተው ቆሙ፣ በቃ። አዳራሹ ባዶ ሆነ።

ፈተናውን ይዞ ከአዲስ አበባ የመጣው ወጣት ሰዓቱን እያየ ወጣ። ስለ ነገሩ የሚያውቀው ነገር የለም። «ምን ተፈጠረ?» አለ።

«አንዲት ተማሪ አትገባም ተባለች» አልኩት።

«ተመዝግባለች?»

«ተመዝግባለች!»

«ታዲያ ለምን አትገባም? ትግባ እንጂ። ሰዓቱ እየሄደ ነው።»

ይኸው ነው። «ትግባ እንጂ።» ያን ሁሉ ጊዜ ሰው ያስለቀሰው፣ ሰው ያሰደደው፣ ሰው መሬት መሬት ያሳየው ነገር በአንድ ቃል አለቀ። ዱሬቲ ገባች። ልጆቹ ገቡ። ፈንታሁን ላቡን ጠረገና «እኔም እኮ ትግባ ልል ነበር» አለኝ። አልመለስኩለትም፤ ብመልስለት እመታው ነበር።

በክረምቱ መጨረሻ ውጤት መጣ። ዱሬቲ አለፈች። አማርኛ ቢ። እልል አልኩ፣ ጎረቤት አስደነገጥኩ። የባለ ቡናው ሽማግሌዎች ወደ መጡበት ተመለሱ፤ ልጅቷ ለመምህራን ማሠልጠኛ ተመረጠች። ፈንታሁን መንገድ ላይ አገኘኝና እጁን እያፋተገ «አዩ፣ ሁሉም በሰላም አለቀ» አለኝ። ምራቄን ዋጥኩ።

ማታ ዱሬቲ ልትሰናበተኝ ቤቴ መጣች። ጥራጥሬ አምጥታልኛለች። ደስታዋ ሙሉ አልነበረም፤ ታስታውቃለች።

«ምን ሆነሻል? ቢ አነሰሽ?» ብዬ ቀለድኩ።

«እትዬ፣ አንድ ጥያቄ ትቼ ነው የወጣሁት።»

«ምን ዓይነት?»

«‹ኅብር ያለበት ስንኝ ጽፋችሁ ሰሙንና ወርቁን ለዩ› ይላል።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ከተማው ውስጥ ያንን ጥያቄ እንደሷ የሚመልሰው ማን አለ? «ጠፋብሽ?» አልኳት።

«አልጠፋብኝም» አለች። «ብዙ ነበረኝ። ፈራሁ። ብዕሬን አንሥቼ ‹ይሄን ሲያነቡ ምን ይሉ ይሆን› አልኩ። ሌላ አሰብኩ። እሱንም ‹ምን ያገኙበት ይሆን› አልኩ። ከዚያ ሰዓቱ አለቀ።»

ጥራጥሬውን መሬት አስቀመጥኩ።  አቅፌ ሸኘኋት፤ ሄደች።

መስከረም ሲጠባ በበቅሎ ወደ አብደታ ወረድኩ። እኔ ካልነገርኩት ማን ይነግረዋል? ጎጆዋ ደጃፍ ላይ ሕፃናቱን ሲያሰናብት ደረስኩ። ፂሙ አድጓል፣ ሸሚዙ ክርኑ ላይ ተቀዷል። ሳያስቀምጠኝ፣ እንዴት ነሽ ሳይለኝ «ምን አመጣች?» አለ።

«አልፋለች! ማሠልጠኛ ገብታለች። አማርኛ ቢ» አልኩት።

«ቢ?!» ብሎ ጮኸ። ሕፃናቱ ዞረው አዩት። «ዱሬቲ ቢ? ምን አባቷ ሆና ነው ኤ ያላመጣችው? ምኑን ሳተች? እኔ እዚህ አባጨጓሬ የምቆጥረው ለቢ ነው እንዴ!»

የድሮው አብደታ ነው፤ ደስ ብሎኝ ልስቅ ነበር። ግን ጠይቆኛል፤ ነገርኩት። የትኛውን ጥያቄ እንደተወችው፣ ለምን እንደተወችው፣ አንድ በአንድ ነገርኩት።

«ሌላውን ሁሉ ሠርታለች?» አለ።

«ሁሉንም።»

«ያንን ብቻ?»

«ያንን ብቻ።»

ጉቶ ላይ ተቀመጠ። መጮህ ይገባው ነበር፣ አልጮኸም። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እንባ መሆኑን ያወቅሁት ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ በግድግዳ ላይ ድምፁን ስሰማው የኖርኩት ሰው አንድ ድምፅ አላወጣም። ሕፃናቱ ከአጥሩ ሥር ቆመው ያዩታል። እኔ ስለ እሱ ጮኽኩ። ፈንታሁንን ጠራሁ፣ አምባዬን ጠራሁ፣ ጣሪያ ሲያዩ የነበሩትን ሁሉ በየስማቸው ጠራሁ፤ ማንም በሌለበት ሜዳ ላይ ረገምኳቸው። ልጅቷ ሳታውቀው ቀርታ ብትተወው ምን አለ? እያወቀች ነው ያስተዉአት። እግዜር የእጃቸውን ይስጣቸው።